በ2 ደቂቃ እንቅልፍ ይወስዳል? የእንቅልፍ ዘዴዎች ከባሕር ዳር ሲታዩ

ቲክቶክ ላይ ስለ እንቅልፍ ማጣት አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው አለቀለት። ከዚያ በኋላ የሚመጣለት ሁሉ እሱው ነው። አንዱ «የወታደሮች ዘዴ» ብሎ በ2 ደቂቃ ድብን እንደሚያደርግ ይምላል። ሌላው 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ 7 ያዙ፣ በ8 አስወጡ ይላል። ወዲያው በአማርኛ ተሠርተው በቴሌግራም ይዞራሉ። አንዳንዱ ተርጓሚ ሰዓቱን እንኳ ሳይቀይር «ከ10 ሰዓት በፊት ተኙ» ብሎ ይለቀዋል። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ወይ የከሰዓት ሻይ ነው፣ ወይ ዶሮ ሊጮህ ሲል ነው።

ከሥር የሚሰጠው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው፤ «ሠራልኝ» የሚልና «እንዲያውም ባሰብኝ» የሚል። ሁለቱም አልዋሹም። ዘዴው አንድ ሆኖ ውጤቱ የሚለያየው፣ ሰዎቹ ወደ አልጋ ከመሄዳቸው በፊት ያሳለፉት ቀን ስለሚለያይ ነው። ነገሩን ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር ሆኖ ማየት ይጠቅማል፤ ብርሃኑም ሙቀቱም ቡናውም ቢምቢውም እንደየአገሩ ነውና። (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው።)

መተኛት ሌላ፣ እንቅልፍ ሌላ

አማርኛ እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። ተኛሁ ማለት ጋደም አልኩ ማለትም ሊሆን ይችላል። እንቅልፉ ግን ራሱን የቻለ አድራጊ ነው፤ ወሰደኝ፣ ጣለኝ፣ መጣብኝ፣ እምቢ አለኝ እንላለን። «ተኝቼ ነበር፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ» ያለን ሰው ማንም ምን ማለትህ ነው አይለውም። ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም፤ ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ይመጣል።

ሁለቱን በአንድ ሞዴል አድርጎ በ1982 ያቀረበው በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ ነው። የመጀመሪያው የእንቅልፍ ጫና ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። በበዛ ቁጥር ዓይን ይከብዳል፤ ተኝተን ስንነሳ ተቃሎ እናገኘዋለን። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ከፍ ብሎ፣ 20,000 ገደማ ሴሎች ያሏት አንዲት ትንሽ ቦታ አለች። መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደምንደክም የምታዝዘው እሷ ናት። የዚህን ሰዓት አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አጥንተው ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የሕክምና ኖቤል ተሸልመውበታል።

ጫናው ሞልቶ ሰዓቱም ከደረሰ የትኛውም ዘዴ ይሠራል። ዘዴ ባይኖርም ይወስዳል። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያሸለበ ሰው ግን ጫናውን ቀድሞ አራግፎታል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሲጋደም ሰውነቱ «ገና ነው» ይለዋል፤ በ4ም በ7ም ቢተነፍስ አይሰማውም። እሑድን እስከ ረፋድ ተኝቶ ማታ ሲገላበጥ የሚያድረው፣ ሰኞም ደንዝዞ ሥራ የሚገባውም እንደዚያው ነው።

ጀምበር ሰዓቷን ታከብራለች

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙ አይበልጥም። ጀምበር ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስቶክሆልም ላይ በሰኔ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል፣ በታኅሣሥ ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ የመጣ የእንቅልፍ ምክር ስለ ጥቁር መጋረጃ ብዙ ቢያወራ አይፈረድበትም። የእኛ ችግር ሌላ ነው።

የሰውነት ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው በብርሃን ነው፣ በተለይ በጠዋቱ። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ደህና መብራት ያለው ቢሮ ጥቂት መቶ ሉክስ ቢኖረው ነው። ውጭ፣ ጀምበር ከፍ ካለች በኋላ፣ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ጠዋት በዘንባባዎቹ ሥር ወይም በሐይቁ ዳር በእግሩ ሥራ የሚሄድ ሰውና ከቤት ባጃጅ ውስጥ፣ ከባጃጅ ቢሮ ውስጥ የሚገባ ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ቢኖሩም ሰውነታቸው የሚያየው ጠዋት አንድ አይደለም። ጠዋት በቂ ብርሃን ያየ ሰውነት፣ ማታ ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባለውን የጨለማ ሆርሞን በጊዜው ይለቃል።

«ድሮ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ ነበር የሚተኛው» ሲባል ይሰማል። ያን ያህል እውነት አይመስልም። በ2015 የወጣ ጥናት መብራት በሌለበት የሚኖሩ ሦስት ማኅበረሰቦችን ተከታትሎ ነበር፤ በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በቦሊቪያ። ሰዎቹ የሚተኙት በአማካይ ጀምበር ከጠለቀች ከ3 ሰዓት በላይ ቆይተው ነው። በባሕር ዳር ብናሰላው ከማታ 3 ሰዓት ከሩብ እስከ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም የራቀ አይደለም።

ስልኩስ? እዚህ ላይ ባለሙያዎች ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ወገን የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ሜላቶኒንን ያዘገያል ይላል፤ ያዘገያልም። በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት ከመኝታ በፊት ለ4 ሰዓት በብሩህ ስክሪን ያነበቡ ሰዎች፣ የወረቀት መጽሐፍ ካነበቡት ይልቅ እንቅልፍ የወሰዳቸው በ10 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው። ሌላው ወገን ይህንኑ ቁጥር ይዞ፣ ለ4 ሰዓት ማፍጠጥ 10 ደቂቃ ብቻ ካስከፈለ ምኑ ያስጮኻል ይላል። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ያሳምናል። ስልክ በዋናነት እንቅልፍ የሚነሳው ስለሚያበራ ሳይሆን ስለማያልቅ ነው። ክርክር ያለበት ላይቭ ከፍቶ ብርሃኑን ቢጫ ማድረግ፣ እሳት ላይ እርጥብ እንጨት እየጨመሩ ጭሱ በዛ ማለት ነው።

ቡናው

ምሽት 12 ሰዓት ነው እንበል። ጀበናው ከሰል ላይ ነው፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየፈላ ነው። የሥራ ቀን ስለሆነ ሁሉም ሰው የተገኘው አሁን ነው፤ ጎረቤትም ብቅ ብሏል። ይህን ሰዓት ተዉ የሚል የእንቅልፍ ምክር ቡና እንዳንጠጣ ብቻ ሳይሆን እንዳንገናኝም እየነገረን ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በደንብ ማየት ያሻል።

ካፌይን መልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል አንጎል ውስጥ በአዴኖሲን ወንበር ላይ ይቀመጣል። ድካሙ አልጠፋም፤ ድካሙን የሚናገረው ነው ቦታ ያጣው። ደም ውስጥ ከገባው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በ12 ሰዓት የጠጣነው ግማሹ ማታ 5 ሰዓት ላይ እንዳለ ነው። ሩቡ ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አብሮን አለ። በ2013 በታተመ አንድ ሙከራ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ አጥተዋል። 400 ሚሊግራም ብዙ ነው፣ ወደ አራት ኩባያ የፈረንጅ ቡና። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም የጨረሰ ሰው ትንሽ ጠጣሁ ሊል አይችልም።

«እኔ እኮ ቡና ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ይህን ማናናቅ አያስፈልግም፤ ቢያንስ ሁለት ማብራሪያ አለው። አንደኛው፣ ካፌይንን ጉበት የሚያጣራበት ፍጥነት ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ በዘር የሚወረስ ነው። የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያጣራዋል። እርጉዝ ሴትና የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ደግሞ ዘግይተው ያወጡታል። አንድ ጀበና ከበው ከጠጡት መካከል አንዷ ዓይኗ ፈጦ የምታድረው፣ ሌላው የሚያንኮራፋው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሱሱ ነው። በየቀኑ የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ይነጫነጫል። ሲጠጣ ራስ ምታቱ ይለቀዋል፣ ያኔ ይተኛል። ቡናው አስተኛኝ ይላል፤ ቡናው ግን ያደረገው ራሱ ያመጣውን ሕመም ማንሳት ነው። በዚያ ላይ ቶሎ ወሰደኝ ማለት በደንብ ተኛሁ ማለት አይደለም። ካፌይን ጥልቁን የእንቅልፍ ክፍል ያሳሳል፤ ሰውየውም ጠዋት ደክሞት ይነሳና ሌላ ስኒ ይፈልጋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲፈነጥዙ አየ የሚባለው የካልዲ ተረት የሚያወራው ስለ ንቃት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ቡና ይጠጡ የነበረውም ለሌሊት ጸሎት እንዲነቁ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባት ዘጌም፣ ገዳማቷ ቡናው ጫካ ውስጥ ናቸው። ቡና ሥራውን ነው የሚሠራው። ሰዓቱን የምንመርጠው እኛ ነን።

ለመሞከር ለሚፈልግ ቀላሉ መንገድ፣ ለሁለት ሳምንት የመጨረሻውን ስኒ ከ9 ሰዓት በፊት ማድረግ ነው። የምሽቱ ስብስብ የማይቀር ከሆነ ዘግይቶ መድረስም አለ። በረካ ከአቦል ይቀጥናል፣ «አልጠጣም» ከማለትም ቅያሜው ያነሰ ነው።

ጫት፣ ጨብሲና ክኒን

የባሕር ዳር ዙሪያ ጫት አብቃይ ነው፣ ስለዚህ ይህን መዝለል አይቻልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት የዘለቀ ምርቃና በመኝታ ሰዓት ገና አይበርድም። ያን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ ቢራ ወይም አረቄ። አልኮል እንቅልፍን በእርግጥ ያፈጥናል፤ ሰዎች የሚያምኑት በከንቱ አይደለም። ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ሰውነት አልኮሉን ሲጨርስ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ሕልም የሚታይበት ክፍልም ይጎዳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አፉ ደርቆ፣ ልቡ እየመታ የሚነቃ ሰው ይህን ያውቀዋል። አነቃቂና አደንዛዥ እየተከታተሉ ሲገቡ የሚቀጣው ማግስቱ ነው፤ ማግስቱም መልሶ ጫት ያስፈልገዋል።

የእንቅልፍ ክኒን ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። እንደ ዲያዚፓም ያሉት ለአጭር ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ቦታ አላቸው፣ ሲለመዱ ግን ሰው መጠኑን እየጨመረ ይሄዳል፣ ድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ከጎረቤት አንድ ፍሬ ተቀብሎ መዋጥ ዘዴ አይባልም።

የእግር ውሃ

ከሁሉም ዘዴዎች አድናቆት ያላገኘው ይህ ነው። ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ከፈለጉ ትንሽ ጨው። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ሲታጠብ፣ ጣቶቹ መካከል ሲታሽ፣ ተረከዙ ሲፈተግ፣ ገና እግሩ ሳይደርቅ ዓይኑ መጨፈን ይጀምራል። ድካሙ ስለወጣለት ነው እንላለን። ሌላም ነገር አለ።

እንቅልፍ ሊወስደን ሲል የውስጥ አካላችን ሙቀት መቀነስ አለበት። ሙቀቱ የሚወጣው ደግሞ በእጅ መዳፍና በውስጥ እግር ነው፤ እዚያ ደምን በቀጥታ ወደ ቆዳ የሚያሳልፉ ልዩ የደም ሥሮች አሉ። እግር ሲሞቅ ሥሮቹ ይከፈታሉ፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1999 ባወጡት ሥራ፣ እንቅልፍ ቶሎ የሚወስደውን ሰው አስቀድሞ በመጠቆም የእጅና የእግር መሞቅን የሚያህል አላገኙም። በ2019 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማም ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሚሆን ውሃ መታጠብ እንቅልፍን በ10 ደቂቃ ገደማ እንደሚያፋጥን አሳይቷል። 10 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ከላይ የስልኩ ጉዳትም 10 ደቂቃ ነበር፣ ስለ እሱ ግን ስንት ቪዲዮ ተሠርቷል።

ቀዝቃዛ ውሃ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሥሮቹ ይዘጋሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከመኝታ በፊት ቀዝቃዛ ሻወር የሚወስድ ሰው ለጊዜው ደስ ይለዋል፣ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ውስጥ ይዞ ይቀራል። ለብ ያለው ይሻላል።

ቆርቆሮ፣ አጎበርና ውሻ

በእነዚያ ወራት ሌላም ችግር አለ። የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ከመኝታ በፊት በርና መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይረዳል፣ ነገር ግን ከፍቶ መቆየት ቢምቢ መጋበዝ ነው። አጎበር ደግሞ ንፋስ ይቀንሳል፤ ሰው ሙቀት ሲበዛበት ሰብስቦ ይሰቅለዋል። ጣና ዳር ይህ እንደ ምርጫ መታየት የለበትም። ወባ አለ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ባሉት ወራት ይብሳል። ሙቀቱን ቀለል ባለ አንሶላ መቀነስ ይሻላል እንጂ አጎበሩን በመተው አይደለም። በዚያ ላይ ጆሮ ሥር የምትጮህ አንዲት ቢምቢ ከሙቀት የባሰች እንቅልፍ ነሺ ናት።

ስለ ድምፅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑን ብቻ በማየት ነው። የባሕር ዳር የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ማታና ሌሊት ይወርዳል። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እርስ በርስ እንኳ አያነጋግርም፤ ግን ማን እንቅልፍ አጣበት? ይልቁንስ ጥቅልል ብሎ የሚተኛበት ነው። ሩቅ ያለች አንዲት ውሻ ግን ሦስቴ ጮሃ ዝም ስትል፣ እንደገና መቼ ትጮሃለች እያልን እንጠብቃለን። አንጎል ሌሊት የሚከታተለው ለውጥን ነው። አንድ ወጥ ድምፅ ለውጥ ስለሌለው ይተወዋል፣ ሌላውን ድምፅም ይሸፍንለታል። ቬንትሌተር ብዙ ሰው የሚያስተኛው በንፋሱ ብቻ አይደለም።

ሐሳብ ሲበዛ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ተስተካክሎም ራስ ዝም የማይልበት ሌሊት አለ። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የነገ ስብሰባ። እዚህ ላይ ዘዴዎቹ እውነትም ይረዳሉ፣ ሁሉም እኩል ባይሆኑም።

በግ መቁጠር ብዙም አይሠራም፤ አሰልቺ ስለሆነ ሐሳብ ሾልኮ ይመለሳል። በ2002 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎችን ሲፈትኑ የተሻለ ሆኖ ያገኙት፣ ደስ የሚል ቦታን በዝርዝር በዓይነ ሕሊና ማየትን ነው። ለምሳሌ በታንኳ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት መሄድ፤ የደንገሉ ሽታ፣ የመቅዘፊያው ድምፅ፣ የውሃው ቀለም በየት በየት እንደሚቀየር። ጉማሬውን ተዉት፣ እሱ ያነቃል።

ሌላው ወረቀት ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ላይ ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ ነገ የሚሠሩትን የጻፉ ወጣቶች፣ የሠሩትን ከጻፉት በ9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው ተኝተዋል። ያልተቋጨ ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ አንጎል እንዳይረሳው ብሎ መደጋገሙን ይተዋል።

ቪዲዮዎቹ እንደ አዲስ የሚሸጡት አተነፋፈስ ደግሞ በየቤታችን አለ። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን የሚሉ እናት፣ ከመኝታ በፊት 33፣ 33፣ 34 ተስቢሕ የሚያደርሱ አባት፣ ዓላማቸው እንቅልፍ አይደለም፣ ጸሎት ነው። ሰውነት ላይ የሚሆነው ግን ይታወቃል። በ2001 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ የተደጋገመ የጸሎት ቃል ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 እንደሚያወርደው፣ የልብ ምትንም እንደሚያረጋጋ አሳይቷል። የ4፣ 7፣ 8 ቆጠራም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

አንድ ነገር ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ ነው፣ ባሕር ዳርም ሰዓት እላፊ የታወጀበትን ጊዜ አይታለች። የጥይት ድምፅ ሰምቶ ያደረ ሰው፣ ወይም ዘመዱ የት እንዳደረ የማያውቅ ሰው፣ እንቅልፍ ቢያጣ አንጎሉ አልተበላሸም። ዘብ ቆሟል። ለዚህ ሰው የአተነፋፈስ ቪዲዮ መላክ ነገሩን ማቅለል ነው። ፍርሃቱ ከቆየ፣ ቅዠትም ከተጨመረበት፣ ጉዳዩ የእንቅልፍ ብቻ አይደለምና የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋ መሄድ ይገባል።

አልጋው ምን ለመደ?

በባለሙያዎች ዘንድ ከሁሉም በላይ ማስረጃ ያለው ዘዴ ቲክቶክ ላይ ብዙም አይወደድም፤ ስለማይመች ይሆናል። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1972 ያመጣው ነው። አልጋ ላይ እየተገላበጡ መቆየት አንጎልን «አልጋ የመገላበጫ ቦታ ነው» ብሎ ያስለምደዋል። ሶፋ ላይ ድብን ብሎ አልጋ ላይ ሲወጣ የሚነቃ ሰው ይህ ደርሶበታል። መፍትሔው፣ 20 ደቂቃ ያህል ሆኖ እንቅልፍ ካልመጣ ተነስቶ መሄድ ነው። ሲያንቀላፋ ብቻ መመለስ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። ቀን አለማሸለብ። ይህ ዘዴ ዛሬ የእንቅልፍ ሥነ ልቦናዊ ሕክምና የሚባለው አካል ሆኗል፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት ይህ ሕክምና ይሰጥ ብሏል። ሥር የሰደደ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ሲቀጥል ነው።

ምክሩ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነው። «ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ» የሚለው ሌላ ክፍል ላለው ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ ከሦስት ሰው ጋር የሚኖር ተማሪ የት ይሂድ? ዋናው ነገር ግን ክፍሉ ሳይሆን አልጋው ነው። ከአጎበሩ ወጥቶ፣ መብራት ሳያበራ፣ ስልክ ሳይነካ፣ ጋቢ ደርቦ ግድግዳውን ተደግፎ በርጩማ ላይ መቀመጥ ይበቃል። መጀመሪያ ይሰለቻል። ቀጥሎ ይበርዳል። ከዚያ ጭንቅላት ወደ ደረት ዘንበል ይላል፣ ቀና ይላል፣ እንደገና ዘንበል ይላል። ያኔ ወደ አልጋ።